የእትዬ ቀኝ ትከሻ

የእህቴ ልጆች ሁለት ናቸው፤ አንዷ ትሸከማለች፣ አንዷ ትወጣለች። ትልቋን ክለቡ ውስጥ «ምሰሶ» ይሏታል፣ ትንሿን «ትንኝ»። እውነተኛ ስማቸውን ከእናታቸው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ እሷም የምታስታውሰው ስትቆጣ ብቻ ነው።

የጥንድ አክሮባት ለማያውቅ ሰው ሲያስረዱት ቀላል ነው። ታች ያለችው ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች። ላይ ያለችው መዳፎቿን እዚያ መዳፎች ላይ አሳርፋ፣ እግሮቿን ወደ ጣሪያው ልካ፣ ተዘቅዝቃ ትቆማለች። በቃ። የቀረው መውደቅ ነው።

የኔ ሙያ የተበላሸ ሬዲዮና ስፒከር መጠገን ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ወደ ልምምድ አዳራሹ እመጣና ሙዚቃውን እከፍታለሁ፤ ደመወዜ አጎታቸው መሆኔ ነው። ከስፒከሩ አጠገብ አንድ እግሯ የሚወላገድ ወንበር አለችኝ። እዚያች ላይ ሆኜ ብዙ አያለሁ። አስተያየቴን የሚጠይቀኝ ስለሌለ እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ልጆቹ አማሩ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ድሮ ምሰሶ ትንኝን ወደ ላይ ስትልካት መኪና ላይ ጆንያ እንደሚወረውር ሰው «ሆፕ!» ብላ ነበር። አሁን አነሳሷ ዝግ አለ። ትንኝ እንደ ትልቅ ሕንፃ ሊፍት ኮሽ ሳትል ትወጣለች፣ ጫፍ ላይ ትቆማለች፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ የያዘውን ይዞ ይቀራል። ሌሎቹ ጥንዶች ሳይቀሩ ልምምዳቸውን አቋርጠው ይመለከቱ ጀመር።

አሠልጣኙ ወደ ወንበሬ መጥቶ ወገቡን ያዘ።

«ጋሼ፣ አዩልኝ?»

«አየሁ።»

«የኔ ሥራ ነው። ዝግ በሉ፣ ዝግ በሉ እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ!»

ስንት ዓመት የለፈለፈው «ፍጠኑ» እያለ ነበር። እኔ ግን ሙዚቃ ከፋች ነኝ።

የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ እየቀረበ ስለነበር ክለቡ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ቀጠረ። አጭር፣ ፈጣን፣ አፏ ውስጥ ማስቲካ የማይጠፋ ወጣት ናት። ሁሉም «ዶክተር» ይላታል፤ «ዶክተር አይደለሁም» እያለች አንድ ሳምንት ታገለች፣ ከዚያ ደከማትና ዶክተር ሆነች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ከኋላዬ ቆማ ልጆቹን ስታይ ቆየች።

«ጋሼ፣ ሙዚቃውን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ አላየሁም።»

«ሙዚቃ ዓይን ይጋርዳል እንዴ?»

«እኔን ይጋርደኛል።»

ዘጋሁት። ትንኝ ዘላ መዳፎቿን እህቷ መዳፎች ላይ አሳረፈች። ያኔ ሰማሁት። ድሮ አራቱ መዳፎች ሲገናኙ አንድ ድምፅ ነበራቸው፤ «ጧ»። አሁን ሁለት ሆነዋል። «ጧ»፣ ከዚያም ዓይን ከመጨፈን የምታንስ ቆይታ፣ «ጧ»። አንደኛው እጅ ይዘገያል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ስለኔ ነው፤ በድምፅ የምኖር ሰው ይህንን በራሴ ሙዚቃ ሸፍኜው ከርሜያለሁ።

ዶክተር ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «አንድ ረጅም ገመድ ይኖርዎታል?»

የማይክሮፎን ገመድ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠለጠልኩላት፤ ጫፉ ላይ የሱቄን ቁልፍ አሰርኩና እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ አለ። ከልጆቹ ጀርባ አደረግነውና በስልኳ ቀረጸቻቸው። ከዚያ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ያቺን ትንሽ ስክሪን ከበብናት። ገመዱ ቀጥ ያለ ነው። ትንኝ ግን ቀጥ አላለችም። ወገቧ ወደ እህቷ ግራ ትከሻ በኩል የመዳፍ ስፋት ያህል ሄዷል፤ እግሮቿ ደግሞ እሱን ለማካካስ ወደ ቀኝ መለስ ብለዋል።

«እኔ ነኝ እንዴ ይቺ?» አለች ትንኝ። «እኔ እኮ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው! እትዬ፣ ቀጥ ብዬ አይደል?»

እትዬ የምትላት ምሰሶ የእጅ ዱቄቷን ከመዳፏ ታራግፋለች፤ የቀረ ዱቄት ግን አልነበረም።

«ታዲያ ቆማለች አይደል?» አለ አሠልጣኙ።

«ቆማለችማ» አለች ዶክተር። «የገረመኝ እኮ እሱ ነው።»

ፍራሽ የሚከመርባት ክፍል ውስጥ ምሰሶን አስገባቻት፤ እኔንም «ቤተሰብ ነዎት፣ ይግቡ» አለችኝ። በተቆለሉት ፍራሾች መሃል እንደ ሦስት ሌቦች ቆምን።

«እጆችሽን ወደ ላይ።»

አነሳች።

«ያምሻል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ትንሽስ?»

«ትንሽም።»

ዶክተር አውራ ጣቷን ከቀኝ ትከሻዋ ጀርባ አንድ ቦታ ላይ አሳረፈችና ጫን አደረገችው። ምሰሶ ድምፅ አላሰማችም፣ ፊቷም አልተለወጠም። የግራ እግሯ ግን ብቻውን ከመሬት ብድግ አለ።

«አፍሽን አላመመውም» አለች ዶክተር፤ «እግርሽን ግን አሞታል።»

ምሰሶ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። እኔ ይህቺን ልጅ ከእትብቷ መቆረጥ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስታለቅስ ያየሁት ግን ጥርስ ስታወጣ ነው።

«ከተናገርኩ ይወስዱብኛል» አለች።

«ማንን?»

«ትንኝን። ለሌላዋ ተሸካሚ፣ ለቡልዶዘር ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ? ማን ይወጣልኛል? ትንኝን ገና መራመድ ሳትችል ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ነው ያሳደግኳት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።»

«ሆድሽ አልፈጀውም እኮ፤ ትከሻሽ ነው የፈጀው» አለች ዶክተር፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል። «ስሚ። ሕመም ሲመጣ ሰውነት ስብሰባ አይጠራም። አንቺንም አያስፈቅድም። ዝም ብሎ ሥራ ያከፋፍላል፤ የታመመውን ያሳርፋል፣ ጤነኛውን ያባትላል። ያ ሁሉ ያማረ ዝግታሽ እሱ ነው፤ ቀኝ ትከሻሽ እየፈራ ሲገባ ግራው እየጠበቀው። ሲቆይ ግራውም ይሄዳል፣ ከዚያ ወገብ ይከተላል። ትንኝ ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም። እምልልዎታለሁ።»

አሠልጣኙ ሲሰማ ይጮኻል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም፤ የባሰውን አደረገ፣ በምክንያት ተናገረ። ምሰሶ ታርፋለች፣ ክንዷ ይታሰራል። ትንኝ ጤነኛ ናት፣ ቡልዶዘርም ጤነኛ ናት። ጤነኛ በጤነኛ ላይ ይወጣል። ዶክተርም ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም ነቀነቅኩ። የታመመውን አንስተን ደኅናውን ስናስቀር ሌላ ምን ሊጎድል ይችላል? አንዳችንም አላሰብነውም።

ቡልዶዘርን ላስተዋውቅ። ትከሻዋ የበር ስፋት ያለው፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ አዳራሹ የሚደርስ ልጅ ናት። ሐኪም ቤት የገባችው የተወለደች ዕለት ብቻ ነው፤ ያን ዕለትም እናቷ ናት የታመመችው። ላይዋ ትወጣላት የነበረችው ልጅ ከተማ ስለቀየረች ያለ ሥራ ቆማ ነበር።

በማግስቱ ምሰሶ ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትንኝ አንዴ እሷን፣ አንዴ ቡልዶዘርን ታያለች።

«ነይ ሚጢ» አለች ቡልዶዘር እጆቿን ዘርግታ፤ «አልበላሽም፣ ምሳ በልቻለሁ።»

አሠልጣኙ አጠገባቸው ቆመ። ሙዚቃውን ከፈትኩ። ትንኝ ዘለለች፣ መዳፎቹ ተገናኙ፣ ወጣች። ጫፍ ላይ እንደደረሰች መላ ሰውነቷ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ።

«ቀጥ በይ!» አለ አሠልጣኙ።

«ቀጥ ብያለሁ!»

«ቀጥ በይ እኮ ነው የምልሽ!»

«ቀጥ ብያለሁ እኮ!»

ቡልዶዘር በሁለቱም ክንዶቿ እኩል ትገፋለች፤ ትንኝ አንደኛውን ክንድ እየራራችለት ትሸሻለች። የሚራራለት ነገር ግን እዚያ የለም። አሠልጣኙ ጭኗን ለቀም ባያደርጋት በአናቷ ነበር የምትመጣው። በጎኗ ፍራሹ ጠርዝ ላይ አረፈች፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ምሰሶ ክንዷ መታሰሩን ረስታ ከወንበሩ ተወርውራ ስትደርስ እኔ ገና የሙዚቃውን ቁልፍ እየፈለግኩ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ምሰሶን ልናድን ብለን ትንኝን ጣልናት።

ትንኝ ደኅና መሆኗ ሲታወቅ መጀመሪያ የተናገረችው ቡልዶዘር ናት። እጆቿን እያገላበጠች ታያቸዋለች።

«ኮች፣ ይቺ ልጅ የሰው ሕመም ተሸክማ ነው የመጣችብኝ! የኔን ትከሻ አመመው ብሎ ማን ነገራት? ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለች!»

ሰዉ ከድንጋጤው የተረፈችውን ሳቅ ሳቀ። ዶክተር አልሳቀችም። ፍራሹ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ድገሚልኝ ያልሽውን።»

«ላም ባልዋለበት...»

«አይ፣ ከዚያ በፊት ያለውን።»

ትንኝ ከንፈሯ ላይ በረዶ ይዛ ካረፈች በኋላ ዶክተር ከልብስ መቀየሪያው ሁለት የሰውነት ሚዛኖች አስመጣች። ትንኝን አንድ እግሯን አንዱ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ አድርጋ አቆመቻት፤ ዓይኗን በፎጣ አሰረች። ምሰሶን ፊት ለፊቷ አቆመችና የታሰረ ክንዷን ፈታችላት፤ መዳፍ ለመዳፍ ተገፋፉ። ሁለቱ የሚዛን መርፌዎች ተወዛውዘው ረጉ። ዶክተር ከምሰሶ ጀርባ ዞራ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁላችንንም ዝም አሰኘችና ያቺን የትከሻ ጀርባ ቦታ በአንድ ጣት ጫን አደረገቻት።

ምሰሶ ጥርሷን ነከሰች። ትንፋሿ እንኳ አልተሰማም፤ እኔ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር፣ ምንም አልነበረም። ከታመመው ትከሻ ፊት ለፊት ያለው የትንኝ ሚዛን ግን መርፌው ወረደ። የሌላኛው ወጣ። ጣቱ ሲነሳ ተመለሱ። ጣቱ ሲያርፍ ሄዱ። በሁለት ሰዎች አካል ውስጥ አንድ ሽቦ የተዘረጋ ይመስል ነበር፤ ሽቦ ሥራዬ ነው፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር ግን በሕይወቴ ዘርግቼ አላውቅም።

«ምን ተሰማሽ?» አለች ዶክተር።

«ምንም» አለች ትንኝ ከፎጣው ሥር። «ጀመርን እንዴ?»

አሠልጣኙ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፤ ለምን እንዳወለቀ የሚያውቅ አይመስልም።

ከዚያ ዶክተር ምሰሶን አስወጥታ ቡልዶዘርን አስገባች። መዳፎቹ ተገናኙ። ማንም ማንንም አልነካም፣ ማንም አልታመመም። መርፌው ግን በራሱ ጊዜ ወረደና እዚያው ቀረ።

«ሕመሙ የለም» አለች ዶክተር ቀስ ብላ። «ጥንቃቄው ግን አለ። በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ሲሆን ብዙ አይቻለሁ፤ ቁርጭምጭሚቱ ከዳነ በኋላ ማነከሱን የማይተው ሯጭ አለ። ከሰው ወደ ሰው በመዳፍ ሲሻገር ግን ትምህርት ቤትም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠረጠርኩም። ጠርጥሬ ቢሆን ትናንት ራሴን አልነቀንቅም ነበር።»

ትንኝ ፎጣውን ገፍታ አወለቀች። «እትዬ፣ አሞሽ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

«እኔ እኮ አልፈራሁም!» አለች ትንኝ በቁጣ። «ሰውነቴ ነው የፈራው። እኔ ምንም አልሰማሁም!»

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። ምርጫው እየደረሰ ነው፤ ምሰሶ አትደርስም። ትንኝ ከቡልዶዘር ጋር ቀጥ ካላለች ደግሞ ከመሬት አትነሳም፣ አንገቷን ሊያሰብራት አይፈልግም። ምን ይሁን? ሁላችንም ዶክተርን አየናት።

«መውጫው በእህቷ በኩል ነው» አለች። «ሳታውቀው ከእሷ የተማረችውን እያወቀች ከእሷ ጋር ትተወው። መሬት ላይ፣ መዳፍ ለመዳፍ። ግን አንድ ነገር አለ። ምሰሶ፣ ባመመሽ ቁጥር ትናገሪያለሽ፤ ወዲያው፣ ጮክ ብለሽ። ሰውነት የሚገምተው ያልተነገረውን ነው። ከተነገረው ላይ መገመት ይተዋል።»

ምሰሶ ትልልቅ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሰበች። ይህቺ ልጅ ቀስ ብላ ነው የምታስበው፤ ስትጨርስ ግን የተረፈ ነገር አይኖርም።

«ጥንቃቄውን ካስተዋችኋት» አለች፤ ከዚያ ታረመች፣ «ካስተውኳት፣ ቡልዶዘር ላይ ትቆማለች ማለት ነው።»

«አዎ።»

«በገዛ እጄ ላስረክባት ነው እንግዲህ።»

አሠልጣኙ ጣሪያውን ያያል። ቡልዶዘር ያለወትሮዋ ጫማዋን ታያለች።

«እምቢ ብልስ?»

«ከሌላ ሰው ጋር በወጣች ቁጥር ትወድቃለች» አለች ዶክተር። «ዛሬ ኮች ያዛት።»

እኔ አጎት ነኝ፤ እዚህ ላይ ትልቅ ሰው የሚለው ነገር ይኖራል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ምሰሶ ግን ቀደመችኝ፤ የእህቷን የተሰነጠቀ ከንፈር አየችና መዳፎቿን ዘረጋች።

«ነይ አንቺ ትንኝ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያየሁትን ለእናታቸው ስነግራት «ታጋንናለህ» አለችኝ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ይገፋፋሉ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ሙዚቃ እንኳ አልተፈለገም። ትንኝ ሚዛኖቹ ላይ፣ ምሰሶ ፊት ለፊቷ። ሥራው አንድ ቃል ነው፤ «አመመኝ»። ምሰሶ ይህን ቃል ከምታወጣ ቡልዶዘርን ከነጫማዋ ብታነሳ ይቀላታል።

«አመመኝ» ትላለች፣ ለራሷ።

«ጮክ በይ» ትላለች ዶክተር።

«ለጎረቤት ነው እንዴ የምናገረው?»

ትንኝ ከፎጣዋ ሥር ትስቃለች። ቆይታ ደግሞ በድንገት፣ «ውሸታም እትዬ! አሁን አሞሻል፣ ዝም አልሽ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔንጃ። ግን አሞሻል።»

አሟት ነበር። ምሰሶ ራሷ ያወቀችው እህቷ ከተናገረች በኋላ ነው። ዶክተር በዚህ ጊዜ ማስቲካዋን ዋጠች።

ቀስ በቀስ ቃሉ ቀለለ። ምሰሶ «አመመኝ» ስትል ትንኝ «እሺ» ትላለች፣ መርፌውም ባለበት ይቆማል፤ አንድ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ስሙን ጠርተውለት እንዳረፈ ዓይነት። ከዚያ ቡልዶዘርን መሃል ላይ ያስገቧት ጀመር፤ ትንሽ ከምሰሶ፣ ትንሽ ከቡልዶዘር። «ይህ የማነው?» ትላለች ዶክተር። «የቡልዶዘር ነው፤ ላብ አለው» ትላለች ትንኝ። «አፈር ብይ!» ትላለች ቡልዶዘር። መርፌው አይነቃነቅም።

የምርጫው ዋዜማ ከሰዓት ላይ አሠልጣኙ «እንግዲህ» አለ። ዶክተር «ይሁን» አለች። ቡልዶዘር እጆቿን ዘረጋች፤ አልቀለደችም። ምሰሶ ክንዷ ተፈትቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ትንኝ አንዴ ዞር ብላ አየቻት፤ ምሰሶ በአገጯ «ሂጂ» አለቻት።

ትንኝ ዘለለች። ድምፁ አንድ ነው። ወጣች፣ እግሮቿ ተዘረጉ፣ ቆመች። ቀጥ ብላ። ያለምንም ርኅራኄ ቀጥ ብላ፤ ከቡልዶዘር ተረከዝ እስከ ትንኝ ጣቶች ጫፍ አንድ መስመር ሆኑ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ቀረ።

እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ አግዳሚው ዞርኩ።

ምሰሶ እህቷን አታይም ነበር። ዓይኖቿን ጨፍናለች። መዳፎቿ ጉልበቶቿ ላይ ወደ ጣሪያው ተገልብጠው ተዘርግተዋል። እዚያ ማዶ የትንኝ እግር ሽው ሲል፣ እዚህ የምሰሶ ግራ መዳፍ የፀጉር ያህል ከፍ ይላል፤ ትንኝ ስትረጋ፣ መዳፉ ይረጋል። ቀኙም እኩል ይሠራል። አይዘገይም፣ አይፈራም። በመካከላቸው የአዳራሹ ግማሽ አለ፣ የተጨፈኑ ዓይኖች አሉ፣ ሌላ ተሸካሚ አለች። ዶክተርም አይታታለች።

«ጋሼ!» አለ አሠልጣኙ ከማዶ፣ ደስታው ድምፁን አቅጥኖት። «ሙዚቃ! ምን ሆኑ፣ ይክፈቱት እንጂ! እንዲህ ባለ ሰዓት ዝም ይባላል?»

ትንኝ ወርዳ ፍራሹ ላይ ቆማለች፤ ቡልዶዘር እቅፍ አድርጋ ታሽከረክራታለች፣ ሰዉ ያጨበጭባል። የምሰሶ እጆች ግን ገና እንደተዘረጉ ናቸው።

«ቆይ» አልኩት። «ገና አላወረደቻትም።»